ለአባቷ ሠላሳ ሁለት፣ ለመኪናው ሃያ አራት

እናንተ ዕድሜያችሁን በትክክል ታውቁታላችሁ? ካወቃችሁት እሰየው፤ እኔን ካገኘኝ መዘዝ ተገላግላችኋል። እኔ ሸዋ ሮቢት ያደግሁ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እናቴን «እማዬ፣ መቼ ነው የወለድሽኝ?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሮቢ በሞላበት ክረምት።» ሮቢ ወንዛችን ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ይሞላል። በእናቴ አቆጣጠር ከሄድን እኔ በየዓመቱ የምወለድ ሰው ነኝ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ስገባም ማንም ዕድሜ አልጠየቀኝም። ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን ስነካ «ደርሷል» ተባልኩና ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ንካ ያለኝ ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩና ራሴን ወዲያና ወዲህ አገላብጬ አይቼ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ብዬ ወሰንኩ። ሃያ ሰባት ጥሩ ዕድሜ ነው። ሲፈልጉ ወደ ላይ፣ ሲፈልጉ ወደ ታች ይሳባል።

እንዲህ ማድረግ ያስነውራል የምትሉ ያንን ጊዜ ረስታችሁታል። ኢህአዴግ ከገባ አስራ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ዕድሜ እንደ ጥሪው ነበር። ለመዋጮ ስንጠራ ሁላችንም ልጆች ነን፤ አበል ላለው ስልጠና ስንጠራ ሁላችንም ወጣቶች ነን። የሰፈራችን የወጣቶች ተጠሪ እኔ ዘንድ እየመጣ ሽበቱን የሚቀባ ሰው ነበር። ቀለሙን ስለምቀባው አውቃለሁ፤ እሱም ማወቄን ስለሚያውቅ ስብሰባ ላይ ቀድሞ ለኔ ነበር ዕድል የሚሰጠኝ። የመከራዬ መነሻም ይኸው ዕድል ነው።

አንድ የሚያዝያ ቀን ስብሰባ ተጠራን። ሸዋ ሮቢትን በሚያዝያ ለማያውቅ ሰው ምን ልበለው? ከላይ ቆርቆሮው ይጋግራል፣ ከታች ሲሚንቶው ያበስላል፤ ሰው መሃል ሆኖ ይሰበሰባል። አጀንዳው «ወጣቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና መካከል በነፃ ይመላለስ» የሚል ነበር። ደብረ ሲና ስልጠና አለ፣ ኳስ አለ፣ ሥራ ፍለጋም አለ፤ ወጣቱ ደግሞ መሳፈሪያ የለውም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ወደደው። የሚኒባስ ባለቤቶች ግን ጥግ ላይ ተቀምጠው «ታዲያ እኛስ ምን እናገኛለን?» አሉ። ክርክሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከመድረኩ አጠገብ የለስላሳ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ውሳኔ ሳይተላለፍ አይከፈቱም። ጠርሙሶቹ ላይ የነበረው ጤዛ እየደረቀ ሲሄድ በዓይኔ እያየሁ ነው።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥስ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አፌ ሲያመልጠኝ ግን አላወቅሁም። እጄን አወጣሁ።

«ወጣቱ ገንዘብ ባይኖረው ጉልበት አለው» አልኩ። «በነፃ የሚሄድ ወጣት ዕቃ ይጫን፣ ያውርድ። ለአዛውንትና ለእናቶች ወንበር ይልቀቅ። መኪናዋ ውሃ ሲጠማት ውሃ ይቅዳ። ዳገት ላይ ስትቆም ወርዶ ይግፋ! ተባብሮ ማደግ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባለመኪናዎቹ ሳቁ፤ የዚያን ዕለት ለምን እንደሳቁ በኋላ ነው የገባኝ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ለስላሳው ተከፈተ፣ እኔ ሁለት ጠርሙስ ደረሰኝ። ለነገሩ እኔ ደብረ ሲና ምን ጉዳይ አለኝ? ያንን ብርድ ለጠላቴም አልመኘውም። ሌላው ይግፋ ብዬ ሱቄ ገባሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ቤት ሠርግ ሆነ። ከሚዜዎቹ አንዷ ከደብረ ሲና የወረደች ሙሉ የምትባል መምህርት ነበረች። ሙቀቱን አልቻለችውም፤ በሚዜ ልብሷ እንደቆመች ራሷን ሊያዞራት ሲል ያገኘሁትን የሱቄን ማራገቢያ ይዤ ሮጥኩ። ማራገቢያው የሰው አንገት ላይ የተቆረጠ ፀጉር ማራገፊያ ነበረና ፊቷ ላይ የሦስት ሰው ፀጉር በተንኩባት። ሳቀች። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። እኔም እዚያው ወደድኳት።

በማግስቱ የነፃ መጓጓዣ ካርድ ልመዘገብ ቀበሌ ሄድኩ። ካርዱ የሚሰጠው ከሃያ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ነው።

«ዕድሜ?» አለኝ መዝጋቢው።

«ሃያ አራት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጺምህስ?»

«በረሃ አይደል እንዴ ያለነው? እዚህ አገር ምን ቶሎ የማይደርስ ነገር አለ?»

መዝጋቢው የፓፓያ እርሻ ያለው ሰው ነበርና ነገሩ አሳመነው። ማህተም መታልኝ። ከዚያ በየቅዳሜው ሱቄን በእኩለ ቀን እየዘጋሁ ደብረ ሲና መውጣት ጀመርኩ። የምሳፈርባት ሚኒባስ ካረጀች የቆየች፣ ስትፈልግ የምትሄድ ስትፈልግ የምትቆም ስለነበረች «እሜቴ» እንላታለን። እሜቴ የአርማንያን ከተማ እስክታልፍ ደህና ናት። ከዚያ ዳገቱ ሲጀምር ታለከልካለች፣ ታፏጫለች፣ ትቆማለች። ረዳቷ ጋሽ ደምሴ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ድምፃቸው ከክላክሱ የሚበልጥ ሰው ናቸው። በሩን ከፍተው «ወጣት ውረድ!» ሲሉ እንወርዳለን፣ ከኋላዋ ተደርድረን እንገፋለን። የከፈለ ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል። በዚያ ዳገት ላይ የተናገርኩትን ንግግር እያሰብኩ ስንቴ አፌን እንደረገምኩ አትጠይቁኝ። ቅዳሜ ገፍቼ እሑድን ወገቤን ይዤ አሳልፋለሁ። ግን ሙሉን አያታለሁ። ሻይ እንጠጣለን፣ ስለተማሪዎቿ ታወራልኛለች፣ እመለሳለሁ።

ነገሩ እየጠና ሲሄድ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። እዚህ ላይ የሙሉ አባት ጉዳይ መጣ። አቶ ጥላዬ የደብረ ሲና እህል ነጋዴ ናቸው። ታላቅ ሴት ልጃቸውን ሃያ ሁለት ዓመት ለሆነው ጎረምሳ ድረው ነበር፤ ጎረምሳው በሠርጉ በስድስተኛው ወር ጅቡቲ በሚወርድ ከባድ መኪና ተሳፍሮ እንደወጣ ቀረ። ልጃቸው ልጅ ታቅፋ ቤታቸው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አቶ ጥላዬ «ሠላሳ ያልሞላው ሰው ሁለተኛ የቤቴን ደፍ አይረግጥም» ብለው ምለዋል።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለችኝ ሙሉ።

«ሃያ ሰባት» አልኳት፤ እሷን መዋሸት አልፈለግሁም።

አሰበች አሰበችና «ለአባቴ ሠላሳ ሁለት ነው እለዋለሁ» አለችኝ።

«ለምን ሠላሳ ሁለት?»

«ሠላሳ ብል ቆርጬ ያመጣሁት ይመስለዋል። ሠላሳ ሁለት የእውነት ይመስላል።»

መምህርት አይደለች? አመንኳት። ሽማግሌዎቼን ለመንኩ። ዋናው ጎረቤቴ ሐጂ ዑመር ናቸው፤ ሱቃቸው ከሱቄ ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቃላቸው ከማህተም ይበልጣል። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ጋሽ ተሾመ፤ ሦስተኛው እዚያው ደብረ ሲና ያለ ዘመድ። ለሐጂ «ዕድሜዬን ከጠየቁ ሠላሳ ሁለት ይበሉልኝ» ስላቸው አየት አደረጉኝና «እሺ» አሉ። ቀላል ሆነልኝ። ሐጂ ዑመርን የሚያህል ሰው አታለልኩ ብዬ አዘንኩም፣ ትንሽ ኮራሁም።

ደንቡ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን መብላት ነው። አቶ ጥላዬ ግን «ልጁን በዓይኔ ሳላይ መልስ አልሰጥም» ብለው ስለላኩ እኔም መኪና ተራው አጠገብ ሻይ ቤት ሆኜ እንድጠብቅ ተወሰነ። እሑድ ጠዋት እንደ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ለበስኩ። ጋሽ ተሾመ ሙሉ ልብስ አዋሱኝ፤ ከረባት አሰርኩ። ይህ አልበቃኝም። የሙያ ነገር ነውና ደንበኛ አንገት ላይ የምነሰንሰውን ፓውደር አነሳሁና ከጆሮዬ በላይ ያለውን ፀጉር በስሱ ሸበት አደረግሁት። መስታወት ሳይ ራሴን «አንቱ» ለማለት ቃጣኝ።

እሜቴ ውስጥ ገባን። ሐጂ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እኔ ከኋላ መስኮት ያዝኩ። መኪናዋ ልትንቀሳቀስ ስትል አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው አንድ ዘንቢል ሙዝና ፓፓያ አስጭነው መጡና ከሐጂ ጎን ተቀመጡ። ሳያቸው ወንበሬ ላይ ዝቅ አልኩ። አቶ ጥላዬ ናቸው! በየቅዳሜው የእህል መጋዘናቸው ደጃፍ ተቀምጠው ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን አይተውኝ አያውቁም። ለካስ ለሽማግሌዎቹ መስተንግዶ ፍራፍሬ ሊገዙ ቅዳሜ ወርደው አድረዋል። ከሐጂ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ሰማሁ፤ ሁለቱም ማን መሆናቸውን ሳይነጋገሩ ስለ ማሾ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ሰው ፊት ነፃ ተሳፋሪ ወጣት መሆን የለብኝም። ብልህ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ጋሽ ደምሴን በዓይኔ ጠራሁና በጆሯቸው «ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ልክፈል» አልኳቸው።

«ምን?!» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሹክሹክታ የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ የለም። «መክፈል? አንተ? ወጣት አይደለህም እንዴ?»

«ዛሬ ይቅርብኝ፤ ይውሰዱ።»

«አልወስድም! ሕዝብ የወሰነውን እኔ አላፈርስም! ካርድህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሃያ አራት ዓመትህ ነው። ደግሞ ዛሬ ካንተ ሌላ ያሉኝ ወጣቶች አራት ብቻ ናቸው፤ አንተ ከፍለህ ከተቀመጥክ ዳገቱን ማን ሊገፋልኝ ነው?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ ጥላዬም ዞሩ። ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እባካችሁ!» አሉ። «በሃያ አራት ዓመቱ ነፃ ተፈቅዶለት ልክፈል ይላል። የዛሬ ልጅ እኮ ኪስ ይገባል!»

ሐጂ ዑመር ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። እንዲያ አይተውኝ አያውቁም።

ወጣትነቴ በአዋጅ ስለተነገረ ያለው ግዴታ ሁሉ ተከተለኝ። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ዶሮ የያዙ እናት መንገድ ላይ ከደጃቸው ተሳፈሩና ጋሽ ደምሴ «ወጣት፣ ወንበር ልቀቅ!» አሉ። ለቀቅሁ። እትዬ በላይነሽ ተቀመጡና «ተባረክ ልጄ፤ እንግዲህ ይቺን ዶሮ ያዝልኝ፣ እኔ ስናወጥ ትሞትብኛለች» አሉ። ከነከረባቴ ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጬ ዶሮ ታቀፍኩ። ዶሮዋ መጀመሪያ ከረባቴን ትነቁር፣ ቀጥላ የኮቱን ቁልፍ ትነቅል ጀመር። የጋሽ ተሾመ ልብስ ነው፤ ጋሽ ተሾመ ደግሞ ከፊቴ ወንበር ላይ ሆነው ዶሮዋን በዓይናቸው ይከተሏታል።

አርማንያን እንዳለፍን እሜቴ አለከለከች። አፏጨች። ቆመች።

«ወጣት ውረድ!»

አራቱ ወጣቶች ወረዱ። እኔ ዶሮዋ ላይ አቀርቅሬ የተኛሁ መሰልኩ።

«አንተ ወጣቱ! ባለ ከረባቱ! ዶሮዋን መልስና ውረድ!»

ወረድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሶ መኪና የገፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮቱ ክንዴን ይዞኛል፣ ከረባቱ እየዞረ ጀርባዬ ላይ ደርሷል፣ ጫማዬ ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ መስታወት በኩል አቶ ጥላዬ ዞረው ያዩናል። አንድ ጊዜማ እጃቸውን እያወዛወዙ «በርታ! በርታ!» ሲሉኝ አየሁ። አማቼ ሊሆኑ የታሰቡ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠው እኔ እየገፋኋቸው ልጃቸውን ልለምን እየሄድኩ ነው። እሜቴ ተነሳች፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ እንደገና ቆመች። እንደገና ገፋን። በሦስተኛው ራዲያተሩ ፈላና ጀሪካን ተሰጥቶኝ ገደል ለገደል ወርጄ ከምንጭ ውሃ ቀዳሁ።

ውሃውን ይዤ ስመለስ ላቤ እንደ ጅረት ይወርዳል። እትዬ በላይነሽ ከመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው ጮሁ።

«ውይ ልጄን! ምን ነካህ? ሽበትህ እየወረደ ነው!»

ፓውደሩ! ጉንጬ ላይ በሁለት መስመር ነጭ ወንዝ ሠርቶ አገጬ ላይ ተገናኝቷል። አቶ ጥላዬ ከመኪናው ወረዱ፤ አጠገቤ መጥተው መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ቅርብ ሆነው ብዙ አዩኝ። «ጥረግ ልጄ» አሉኝ። ጠረግሁ። ሽበቴ ከነክብሬ የአማቼ መሐረብ ላይ ቀረ።

ወደ መኪናው ልገባ ስል ሐጂ ዑመር በክንዴ ይዘው ገለል አደረጉኝ።

«ለቀበሌ ስንት ነው ያልከው?»

«ሃያ አራት፣ ሐጂ።»

«ለኔስ?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ሱብሐነላህ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ይወጣል?»

«ሐጂ፣ በናትዎ፣ እኔ…»

«ዝም በል። እኔ ሰው ቤት የምገባው ምላሴን ታምኜ ነው። ግባ፤ እዚያው እንነጋገራለን።»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሙሉን ማጣቴ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐጂ ውሸት አይናገሩም፤ ሃያ አራት መሆኔ ደግሞ በአዋጅ ተነግሯል፤ ሙሉ ለአባቷ የዋሸችው ውሸትም ሊጋለጥ ነው። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ግፊያ በአንድ እሑድ ሊያልቅ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ ብርዱ ላቤ ላይ ተጣብቆ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። አቶ ጥላዬ ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወርዱ እኔ ዘንድ ቆም አሉና አንድ ሙዝ ገንጥለው ሰጡኝ።

«ብላ» አሉኝ፤ «ገና ታድጋለህ።»

ሻይ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ሰዓት አለፈ። በመስኮቱ ወደ ታች የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች ይታዩኛል፤ ሹፌሮቹ ሻይ ጠጥተው እየወጡ ነው። አንዱን «እስከ የት ነህ?» ብለው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። ያ ጅቡቲ የቀረው ጎረምሳ እንዴት እንደቀረ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም የሚጠፋው፤ የሚያፍርበት ፊት ሲበዛበት ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ጋሽ ተሾመ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ና፤ ይምጣ ብለዋል» አሉኝ። የልብሳቸውን ቁልፎች በዓይናቸው ቆጠሩ፤ ሁለት ጎድሏል።

እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ተደርድረዋል፤ ፓፓያው ተቆርጦ ቀርቧል፤ ማንም አልነካውም። ሙሉ በጓዳው በር ጥግ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አቶ ጥላዬ ቀና ብለው ከከረባቴ እስከ ጫማዬ አዩኝ።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ሙዙን በላኸው?»

«አልበላሁትም፣ ጋሼ።»

«ለኔ የተነገረኝ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ልብ የገዛ፣ ባለ ሱቅ ሰው ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ካርድ ያለው የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ሽበቱን በገዛ መሐረቤ ጠርጎታል። እንግዲህ አንተው ራስህ ንገረኝ። የትኛው ነህ?»

አንድ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ከአፌ ጠፋ። የወጣው እውነቱ ነው።

«ጋሼ፣ ዕድሜዬን አላውቀውም፤ ራሴን በመስታወት አይቼ ነው ሃያ ሰባት ያልኩት» አልኩ። «ለርስዎ ሠላሳ ሁለት የተባለው ልጅዎን ፈልጌ ነው። ለቀበሌ ሃያ አራት ያልኩትም ልጅዎን ፈልጌ ነው፤ በየቅዳሜው የምመላለስበት ገንዘብ አልነበረኝም። ሁለቱም ውሸት ነው። እሷን መፈለጌ ግን ውሸት አይደለም።»

ያን ጊዜ ሐጂ ዑመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አለቀልኝ አልኩ።

«አቶ ጥላዬ» አሉ ሐጂ፣ «እኔ ወላሂ ውሸት ይዤ ቤትዎ አልገባሁም። ይሄ ልጅ ሠላሳ ሁለት በሉልኝ ሲለኝ የዋሸኝ መስሎት ነበር። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በደጉ ዘመን ሹፌር ነበርኩ። አብዮት በፈነዳበት ክረምት ሽንኩርት ጭኜ ይህን ዳገት ስወጣ አባቱ መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። ሽንኩርቱ ላይ አወጣናት። እዚሁ ደብረ ሲና ኬላ ስንደርስ ወታደሩ ‹ምን ጭነሃል?› አለኝ። ‹ሽንኩርትና ምጥ› አልኩት። እሱ ገና ሲስቅ ከላይ ልጅ አለቀሰ። ‹ሽንኩርት ላይ ተወለደ› ብሎ ሰፈሩ እንዳይስቅበት እናቱ ቃል አስገባችኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ያው ይሄ ነው። እንግዲህ ከአብዮቱ ወዲህ ያለውን ቁጠሩት።»

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጣቱን አወጣ። አቶ ጥላዬ በጣታቸው አንጓ፣ ጋሽ ተሾመ በከንፈራቸው፣ ሦስተኛው ሽማግሌ የመንግሥት ለውጦችን እየጠራ ቆጠሩ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዱን እንዳይጎድል፣ ሌላውን እንዲጎድል። ያው ሠላሳ ሁለት መጣ።

«ውይ!» አለች ሙሉ ከበሩ ጥግ። «ለካ እውነቴን ነው!»

ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ተሾመ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ታዲያ ይሄ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ከፍሎ ሄዶ ያውቃል?» ሲሉ ሐጂም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። በአንድ ትንፋሽ አምስት ዓመት አረጀሁ። ወንበር ስቤ ስቀመጥ እንኳ ጉልበቴን አመመኝ።

አቶ ጥላዬ መሐረባቸውን አውጥተው አዩት፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«የኔን ቤት አልዋሸህም ማለት ነው» አሉ። «የዋሸኸው መኪናዋን ነው። የሷን ዕዳ ደግሞ ገፍተህ ስትከፍል እኔው ራሴ ተቀምጬብህ አይቻለሁ። ባለመኪናዎቹን ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ካርዱን ትመልሳለህ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«እኔ በበኩሌ ቅር የሚለኝ የለም። ግን ታላቂቱን ሳልጠይቃት ነው የዳርኳት፤ ሁለተኛ እንዲያ አላደርግም።» ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «ሙሉ፣ አንቺ የወደድሽው የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበር። ዛሬ ቆመሽ እያየሽው አምስት ዓመት ጨመረ። ትፈልጊዋለሽ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሽማግሌ ፊት ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹም ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። አምስቱን ዓመት የሚቀንስልኝ ቢገኝ እዚያው የቀረኝን ሁሉ እሰጥ ነበር።

ሙሉ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች። አባቷን አየች፤ እኔን አላየችም።

«አባዬ» አለች፣ «እኔ ዕድሜውን አልነበረም የምጠብቀው። ቅዳሜን ነበር።»

ሐጂ ዑመር ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም ተነሡ። እኔ መነሳት አቃተኝ። ዕድሜዬን ባወቅሁ በሩብ ሰዓቴ፣ በሰው ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በተዋስኩት ኮት እጅጌ ዓይኔን እየጠረግሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።